ቴፒ የዋልንበት ረቡዕ

ባሕር ያየሁት በስምንት ዓመቴ ነው፤ ያየሁትም ቴፒ ነው። ቴፒ ባሕር የለም የሚለኝ ካለ የራሱ ጉዳይ። አሸዋ ነበር፣ ውኃ ነበር፣ ራቁታቸውን የሚንቦጫረቁ ልጆች ነበሩ፣ ፀሐይዋም አናት ትበሳ ነበር። ለማሻ ልጅ ከዚህ በላይ ምን ባሕር ያስፈልጋታል? ማሻ ደጋ ነው፤ ጉምና ዝናብ ነው። እኛ ሹራብ የምናወልቀው ለመታጠብ ብቻ ነበር፤ እሱንም እየተንቀጠቀጥን።

ቀኑ ሚያዝያ 27 ነው፤ ለአርበኞች ቀን ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ፋሲካ ካለፈ ገና ወር አልሞላም። ጉዞው ለእኔ ተብሎ የተዘጋጀ ነበር፤ ቢያንስ እኔ እንደዚያ ነበር የገባኝ። በመንፈቀ ዓመቱ ከክፍሌ አንደኛ ወጥቼ አባቴ «አንድ ቀን ቆላ አወርድሻለሁ» ብሎኝ ስለነበር፣ ያ አንድ ቀን መጣ ብዬ ለሰፈር ልጆች በሙሉ አውጄ ነው የተነሣሁት።

አባቴ መምህር ገሠሠ ይባላል። ከጎጃም ተመድቦ መጥቶ ማሻ የቀረ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው። በልጅነቱ ዲያቆን ስለነበር የዓመቱን አጽዋማትና በዓላት ካርታ እንደሚያነብ በቃሉ ይዘረዝራቸዋል። እናቴ ማናልሞሽ ደግሞ አባቴን በቃሏ ትዘረዝረዋለች። ሲናደድ ዝም እንደሚል፣ ሲራብም ዝም እንደሚል፣ ሁለቱን መለየት የምትችለው እሷ ብቻ ናት።

አውቶቡሱ ጌጫን አልፎ ቁልቁል መውረድ ሲጀምር እነሱ ከፊቴ ባለው ወንበር ላይ እየተነጋገሩ ነበር። እኔ የተኛሁ መስዬ እሰማለሁ።

«እንግዲህ ልጅቷ እዚያው ልትቀር ነው» አለ አባቴ።

«ገና ምኑም ሳይታይ?»

«ይታያል። ግን መልሴን አውቀዋለሁ።»

«መልስህን ካወቅኸው ምን ያንከራትተናል ታዲያ?»

«ሳያይ ፈረደ እንዳልባል ነዋ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አስቢው እስቲ። ረቡዕ እነሱ ሥጋ ሲጠብሱ እሷ ጥግ ይዛ ቆሎ ልትቆረጥም ነው? ጾሟን ማን ያከብርላታል? ሦስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ውጠው ነው የሚያስቀሯት።»

እናቴ «አንተ ደግሞ» ብላ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ለእኔ ነገሩ ግልጽ ነበር። አክስቴ ምሕረት ቴፒ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ቴፒን ወዳዋለች፤ አባቴ ግን ወደ ማሻ ሊመልሳት ነው። እኔ ምሕረትን ከማንም አብልጬ ስለምወዳት እዚያው ወንበሬ ላይ ሆኜ ልረዳት ወሰንኩ። ቀኑን ሙሉ ቴፒን እያደነቅሁ ልውል፣ አባቴም ሰምቶ ሐሳቡን እንዲቀይር።

እውነቱን ያወቅሁት አድጌ ነው። ምሕረት የአባቴ ታናሽ እህት ናት፤ እናታቸው ስትሞት ያሳደጋት እሱ ነው። ቲቶ የሚባል የቴፒ ልጅ ሊያገባት ፈለገ። ቲቶ የአገሩ ተወላጅ ነው፤ ቤተሰቡ በሙሉ ፕሮቴስታንት ነው። ሽማግሌ ተልኮ አባቴ እምቢ ቢል ነገሩ አደባባይ ይወጣል፤ በሽማግሌ ፊት የተነገረ እምቢታ ደግሞ አይታጠፍም። ስለዚህ ምሕረት ዘዴ ዘየደች። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ወንድሟ በዓልን አሳብቦ ይምጣ፣ ልጁንና እናቱን በዓይኑ ይይ። እሺ ካለ ሽማግሌው ይከተላል፤ እምቢ ካለም ማንም ሳይሰማ ያበቃል። ያን ቀን የሚወሰነው የአክስቴ ትዳር ነበር። እኔ ስለ አየር ጠባይ መስሎኝ ነበር።

መናኸሪያው ላይ ምሕረት ከነነጭ ጋውኗ ቆማ ጠበቀችን። ሳመችን፣ ሹራቤን አወለቀችልኝ፣ ከአጠገቧ የቆመውንም ረጅም ሰው «ቲቶ ይባላል» አለች። ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፏል፤ አዲስ ጫማው እንደሚያመው ከአቋቋሙ ያስታውቃል። አባቴን ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠ።

«ተረኛ ሆንኩባችሁ» አለች ምሕረት። «ቲቶ ከተማውን ያሳያችኋል። ምሳ እናቱ ጋ ነው፤ እኔም ከሥራ ስወጣ እዚያው እመጣለሁ።» ይህን ስትል አባቴን ሳይሆን መሬቱን ነበር የምታየው።

ምሳ የሚለውን ስሰማ ዶሮ ታየኝ። ማታ እናቴ «መቼም ዶሮ ሳይሠሩ አይቀሩም» ስትል ሰምቻለሁ። ጠዋትም ቁርስ ብላ የሰጠችን ሻይና ግማሽ ዳቦ ነው፤ ለግብዣው ቦታ እንድንተው።

ቲቶ ግን ወደ ምሳው አልወሰደንም። ወደ ገበያ ወሰደን። አናናሱ መሬት ላይ ተከምሯል፣ ሙዙ በዘለላው ተሰቅሏል፣ ኮረሪማው፣ ዝንጅብሉ፣ እርዱ ሽታው አንድ ላይ አፍንጫ ይገባል። «አናናስ እንዲህ ብዙ ነው በዚህ አገር» ይላል ቲቶ፣ ወዲያው ደግሞ ፈጠን ብሎ ያልፋል። አንዲት ሴትዮ የተላጠ አናናስ በቢላዋ ጫፍ አድርጋ ለእኔ ስትዘረጋ ቲቶ በአገራቸው ቋንቋ አንድ ነገር አላት፤ እጇን ሰበሰበች። እጄን ዘርግቼ ቀረሁ።

«አገሩ እንዴት ደስ ይላል!» አልኩ ጮክ ብዬ፣ ለአባቴ። ምራቄን እየዋጥኩ ነው ያልኩት።

ከዚያ የሚሠራበትን የቡና ችግኝ ጣቢያ አሳየን። እዚያ ሲደርስ ሰውየው ተለወጠ። አንገቱ ፈታ አለ፤ እጁ ችግኙን ሲነካ ልጅ የሚዳብስ ይመስላል። ቁንዶ በርበሬው ዛፍ ላይ እንዴት እንደሚንጠላጠል አሳየን፤ ከቀረፋ ዛፍም ልጥ ቆርጦ «አሽትቺው» ብሎ ሰጠኝ። ወደ አፌ ሳስጠጋው ቀስ ብሎ ከእጄ ወሰደና ኪሱ ከተተው። መውጫው ላይ ትልቅ የማንጎ ዛፍ አለ፤ ሥሩ የበሰለ ማንጎ ረግፏል። ቲቶ ቀድሞን ሄደና ማንጎዎቹን በጫማው ጫፍ አንድ በአንድ ከመንገዱ ገፋቸው።

አባቴ እናቴን አየት አደረጋት። እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች።

ልጅ ብሆንም ስስታም ሰው አውቃለሁ። ይህ ሰው ስስታም ነው። ምሕረት እንዲህ ያለ አስጎብኚ ከየት አገኘች ብዬ አዘንኩላት።

ሙቀቱ ሲበረታ አባቴ አንዲት ሱቅ በር ላይ ቆመ። «ኑ ለስላሳ ልጋብዛችሁ» አለ፤ ድምፁ ውስጥ ትንሽ ነገር ነበረበት። ቲቶ ደነገጠ። አንዴ አባቴን፣ አንዴ ሰማዩን አየና «እናንተ ግቡ ጋሼ፤ እኔ ውጭ እጠብቃለሁ» ብሎ ፊቱን አዙሮ ቆመ። አባቴ እንግዳ ሆኖ ሳለ ጋብዞ ግብዣው የተመለሰበት ሰው ነው፤ ለራሱ አላዘዘም፣ እናቴም አላዘዘችም። እኔ አንድ ሚሪንዳ ጠጣሁ። ስወጣ ቲቶ አጠጣጤን እንዳያይ አሁንም ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ቀንቶብኝ ነው አልኩ።

ከዚያ ነው ባሕሩ ጋ የሄድነው። ወንዙ ከከተማው ወጣ ብሎ ይታጠፋል፤ ከመታጠፊያው ላይ አሸዋው ሰፊ ሆኖ ተኝቷል። ጫማዬን አውልቄ ስረግጠው አቃጠለኝ፤ ሮጬ ውኃው ውስጥ ገባሁ። ሞቃት ወንዝ በሕይወቴ ነክቼ አላውቅም ነበር። ቲቶ ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን ሰብስቦ ገባና እጄን ያዘኝ። ተረከዙ ተልጧል። ጥልቁ ከየት እንደሚጀምር በጣቱ አሳየኝ፣ በጀርባዬ አስተኝቶም መዳፉን ከሥሬ አድርጎ አንሳፈፈኝ። ሰማዩን አየሁ። ስስቱን በግማሽ ይቅር አልኩት።

አባቴ ዋርካ ሥር ተቀምጦ ሲያየን ቆየና ተጣራ። ቲቶ እርጥብ እግሩን ይዞ ሄዶ ፊቱ ቆመ። እኔ አሸዋ እየቆፈርኩ እሰማለሁ።

«ምሕረት እሑድ እሑድ ታስቀድሳለች። ይህን ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«ብትቀጥል?»

«በር ድረስ አደርሳታለሁ። ስትወጣ እመጣለሁ።»

«ዝናብ ቢሆንስ?»

«ዣንጥላ ይዤ እመጣለሁ።»

«ወሬ ይናፍሳል። ያንተም ሰዎች ያወራሉ፣ የእኛም ያወራሉ።»

ቲቶ ከንፈሩን በምላሱ ነካ አደረገ፤ ከንፈሩ ደርቋል። «ያወራሉ። እኛ ቤት ውስጥ ግን እናቴ ናት የምታዘው፤ እሷ ደግሞ ወሬ አትሰማም።»

ሲርቅልን አባቴ ለእናቴ «አፍ አለው» አላት። «አፍ ብቻ። የቆላ ፀሐይ ላይ ሲያዞረን ውሎ አንድ ጭላጭ ውኃ ያላቀረበ ሰው ነው ዣንጥላ የሚይዝላት?»

እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን አራገበች። እሷም ተስፋ ስትቆርጥ ያየሁት ያኔ ነው። በልጅ ዓይኔ ግን ሙቀቱ አድክሟት ነበር፤ ለዚህም «እማዬ ንፋሱ እንዴት ጥሩ ነው» አልኳት፣ ቅጠል በማይነቃነቅበት ሰዓት።

ቲቶ ሰዓቱን ሲያይ፣ ሲያይ ቆይቶ ወደ ዘጠኝ ሲጠጋ «አሁን እንሂድ» አለ። ፊቱ የበራ መሰለኝ።

እናቱ ወይዘሮ ንጋቷ በር ላይ ቆመው ጠበቁን፤ ወፍራም፣ ቁመተ ረጅም ሴት ናቸው። አቅፈው ሳሙን። ወዲያው እጅ አስታጥበው ገበታ አቀረቡ። እኔ አንገቴን አስግጌ አየሁ። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን በዘይት፣ የተቀቀለ ጎደሬ፣ አቮካዶ። ክዳን የተደፋበት ሌላ ድስት ይኖራል ብዬ ጥጉን ሁሉ ቃኘሁ። የለም።

ማንም ኦርቶዶክስ እንደሚያውቀው ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕም ዓርብም አይጾምም። እኔ እንኳ አውቃለሁ፤ ያለፈውን ረቡዕ ቤታችን ጥብስ በልተናል። አፌን ከፈትኩ።

«ዛሬ እኮ ረቡዕ ቢሆንም...»

አባቴ በሽሮ የተጠቀለለ ትልቅ ጉርሻ አፌ ውስጥ ከተተ። ዓይኔ እስኪወጣ አላመጥኩ።

ወይዘሮ ንጋቷ አልሰሙኝም። እጃቸውን አጣምረው ቆመው ነበር። «መምህር፣ ይቅርታ አድርጉልን» አሉ። «በዓሉ ረቡዕ ዋለና በጾም ቀን ጠራናችሁ። እንዲያው በፀሐይ ጎዳናችሁ። ቲቶን ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እንዳታመጣቸው፣ መንገድ ላይም የሚበላ የሚጠጣ አጠገባቸው እንዳታደርስ፣ ጾመኛ መፈተን ነውር ነው ብዬዋለሁ። ጎረቤት ጠይቄ እንዳልረዳ ነገሩ ገና አልተሰማም። ድስቱ ግን አዲስ ነው፤ የእኛ ድስት ቅቤ ነክቶታል ብዬ ትናንት ነው ያስገዛሁት።»

ከጓዳ በር ሥር በእኔ እድሜ የምትሆን ልጅ ብቅ አለች፤ የልጃቸው ልጅ አቢጊያ ናት። «አያቴ፣ አሁን ጾሜን ጨረስኩ?» አለች።

«ዝም በይ አንቺ» አሉ ወይዘሮ ንጋቷ አፍረው።

አባቴ ቀና አለ። «ሕፃኗም ጾማለች?»

«ታዲያ እንግዳ እየጾመ እኛ እንዴት እንበላለን መምህር? ጠዋት እሳት ያነደድነው ለእናንተ ብቻ ነው። ቲቶም ከማታ ጀምሮ ምንም አልቀመሰም። ምሕረት ነገ የእኔም ልጅ ናት እንጂ የእናንተ ብቻ አይደለችም፤ ጾሟን ካሁኑ እንልመደው አልኩ።»

ይህን እየተናገሩ ሳለ ምሕረት ገባች። ገበታውን አየች። እጇን አፏ ላይ ጭና በሩ ላይ ቀጥ አለች፤ ፊቷ አመድ ሆነ። የታመመች መሰለኝ። «ጋሼ...» አለች አባቴን፣ ሊገባው ያልቻለ ነገር ልታስረዳው እንደፈለገች ሁሉ።

አባቴ ዝም ብሎ ነበር። አንገቱን ደፍቶ ነበር። ቲቶን፣ የደረቀ ከንፈሩን፣ ጫማው ተረከዙን የላጠበትን እግሩን አየ። ተናደደ አልኩ በሆዴ፤ አለቀ፣ ምሕረት ወደ ማሻ ተመለሰች፣ የእኔም አድናቆት ሁሉ በከንቱ ቀረ።

«ግቢና ተቀመጪ» አላት አባቴ ቀስ ብሎ። «ጾም ልንፈታ ነው።»

እንጀራውን ሰፋ አድርጎ ቆረሰ። ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ጎመኑን አንድ ላይ ጠቀለለና ገበታውን አሻግሮ እጁን ዘረጋ። «ና ወንድሜ፤ ከማንም በፊት አንተ ነህ የምትጎርሰው። ከሁላችንም ይበልጥ የጾምከው አንተ ነህ።»

ቲቶ ብድግ ብሎ ጎንበስ አለና ጎረሰ። ምሕረት ማልቀስ ጀመረች። ጎመኑ ውስጥ ያለው ቃሪያ ነው ብዬ ውኃ አቀበልኳት። እናቴም ዓይኗን ጠረገች፤ ቃሪያው እውነትም ኃይለኛ ሳይሆን አይቀርም አልኩ። አባቴ ሽሮ አስጨመረ፤ ደግሞም አስጨመረ። ወይዘሮ ንጋቷ እየቆሙ እየተቀመጡ «ብሉ እንጂ፣ ከጠዋት እኮ ነው» ይላሉ፣ አባቴም አፉን ሞልቶ «እንዴት ያለ ሽሮ ነው!» ይላል። አቢጊያና እኔ አንድ ሳህን ይዘን በረንዳ ወጣን፤ ከምግቡ በኋላም የማንጎው ቅርጫት በሙሉ ለእኛ ተለቀቀ። እንደዚያ የበላሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ወደ ማሻ የተመለስነው በአንዲት አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ተጣበን ነው። እኔ ሥራዬን አልጨረስኩም ነበር።

«አባዬ፣ ምሕርዬ ቴፒ ትቅር። አገሩ ጥሩ ነው፤ ባሕርም አለ።»

«ትቅር» አለ።

እንዲህ በአንድ ቃል ይረታል ብዬ አልጠበቅሁም። ያሳመንኩት እኔ ነኝ ብዬ ለብዙ ዓመታት ኖሬያለሁ፤ በምሕረት ሠርግ ላይም አገልጋዮቹን ሁሉ ያዘዝኳቸው በዚህ መብት ነው።

እናቴ ሳቋን ይዛ «በሃምሳው ጾመን ዋልን እኮ አንተ ሰው። ኃጢአት አይሆንብንም?» አለችው።

«ሽሮ መብላት ኃጢአት ነው ያለሽ ማን ነው?» አለ አባቴ። ወዲያው ሳቁን ተወ። «ሽማግሌዎቹን ዝናቡ ሳይጠና ይላኩ በያት። ለሴትዮዋ ግን ማንም ትንፍሽ እንዳይል። ለእኔ ሃይማኖት ብለው ልጅ አስርበው የዋሉትን፣ ልክ አይደለም ብዬ ላሳፍራቸው ነው?» ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ። አባቴ ሲያለቅስ ያን ቀን ነው ያየሁት፤ እኔ ግን አቧራ ነው አልኩ።

ማንም አልነገራቸውም። ምሕረትና ቲቶ ከተጋቡ ወዲህ ከፋሲካ በኋላ በሚመጡት ሳምንታት ረቡዕ ወይም ዓርብ ቴፒ ከተገኘን እማማ ንጋቷ ቤት እንጾማለን። ምሕረት በገዛ ቤቷ ሥጋዋን ትበላና አማቷ ጋ ስትሄድ ትጾማለች። ቲቶ ሚስቱ መቼ እንደምትጾም ከሚስቱ በላይ ያውቃል፤ እናቱ ፊት ግን አላዋቂ ይሆናል። እሑድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃታል፤ ዛሬም ድረስ።

ዘንድሮ ለሥራ ቴፒ ወረድኩ። ረቡዕ ነበር፤ ፋሲካ ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። እማማ ንጋቷ አርጅተዋል፤ ገበታውን የምታቀርበው አቢጊያ ናት። ልክ በዘጠኝ ሰዓት ሽሮ መጣ። ሆቴል ቁርሴን እንቁላል ጠግቤ የበላሁ ሰው አንገቴን ደፍቼ ጾመኛ መስዬ ተቀመጥኩ።

እማማ ንጋቷ ሲያዩኝ ቆዩና ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ይስቃሉ።

«ራሔል፣ ጠዋት ምን በላሽ?»

«ኧረ ምንም...»

«ተይ እስቲ። አፍሽ ዳር የእንቁላል አስኳል አለ።»

እጄን ወደ አፌ ስልክ የባሰ ሳቁ። «ሽማግሌ የላክን ሰሞን ነው ያወቅሁት» አሉ። «አንዷ ኦርቶዶክስ ጎረቤቴ በረቡዕ ቀን ዶሮ ስትገነጥል አየኋት። ሃምሳው ነው እኮ አለችኝ። መሬት ተሰንጥቆ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። ውኃ እንኳ ነፍጌያችሁ ነበር። አባትሽ ግን እንዴት እንደበላ ትዝ አለኝ። አስጨምሮ፣ ደግሞም አስጨምሮ። ልጄን ሲያጎርሰውም ትዝ አለኝ። ያን ቀን እኮ ቲቶን ሊንቀው ይችል ነበር፤ ሊስቅብንም ይችል ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩትም?»

«ምን ብዬ? እሱ እንዳላፍር ብሎ ሸፈነልኝ፤ እኔ ደግሞ አውቄያለሁ ብዬ ልገልጠው? ዶሮ ሠርቼ ባቀርብለት ያውቅብኛል። ስለዚህ ሽሮውን ቀጠልኩበት።» ጉልበቴን በእጃቸው ያዝ አደረጉ። «እንዳትነግሪው ታዲያ። በእድሜው ማሳፈር አይገባም።»

አልነግርም ብዬ ቃል ገባሁ። ስልኬ የጠራው ሽሮውን ሳልጨርስ ነው። አባቴ ነበር፣ ከማሻ።

«እማማ ንጋቷ ጋ ነሽ? ምን አቀረቡልሽ?»

«ሽሮ።»

«ጎበዝ። አስጨምሪ» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንዳትነግሪያቸው ብቻ።»

«አልነግራቸውም አባዬ» አልኩና ሳህኔን ወደ አቢጊያ ገፋሁ፤ ሽሮ እንድትጨምርልኝ።